ጥቁሩ ቢራና የእማዬ አሻሮ

ሞያሌ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ለምን ከመንገዱ እንደጠፋሁ ሁለት ዓይነት ወሬ ያወራሉ አሉ። አንደኛው «ኪሳራ ነው ያስወጣት» የሚል ነው። ሁለተኛው «መጠጥ ጀምራለች» ይላል። ሁለተኛውን ስሰማ ሳቅሁ፤ ግማሹ እውነት ነዋ። ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ከ17 ዓመት የድንበር ንግድ በኋላ፣ በ43 ዓመቴ፣ ናይሮቢ ውስጥ አንድ ትንሽ ቢራ ጠመቃ ተቀጥሬ መሥራት ጀመርኩ። አሁን 44 ሆኖኛል። የምንጠምቀው አምስት ስድስት ዓይነት ነው፤ የእኔ ልብ ያለው ግን ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ላይ ነው። እጠምቀዋለሁ፤ አርብ ማታ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ቁጭ ብዬ እጠጣዋለሁ።

ከሒሳቡ ልጀምር፤ ኮሜርስ የተማረ ሰው ሌላ መጀመሪያ የለውም። ሰንጋ ተራ ካለው ንግድ ሥራ ኮሌጅ በ1994 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ወጣሁ። ጥቂት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠራሁና በ2000 ዓ.ም. መንገዱን ጀመርኩ። ከአዲስ አበባ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጌሾና የሀበሻ ቀሚስ ይዤ እወርዳለሁ፤ ከኢስሊ ልብስ፣ ጫማና አንሶላ ይዤ እመለሳለሁ። ያኔ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ኮረኮንች ነበር። በጭነት መኪና ላይ አቧራ ለብሼ ሁለት ቀን የተጓዝኩበት ጊዜ አለ። አስፋልቱ ሲያልቅ ዓለም የተከፈተልን መሰለን። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች በአንድ ግቢ የሚያስተናግዱበት ኬላ ሲመረቅ ደግሞ ሁለት ቦታ መሰለፍ ቀረልን። ትልቅ ነገር ነው፤ ወረፋ ግን ያው ወረፋ ነው።

ከመጀመሪያው ጉዞዬ ጀምሮ ደብተር አለኝ። በአንድ ገጽ አንድ ዙር። የትራንስፖርት፣ የቀረጥ፣ የማደሪያ፣ የተሸካሚ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ «የራሴ ቀን» የሚል መስመር። ብዙዎቻችን ይቺን መስመር አንጽፋትም። የራሳችን ድካም ነጻ ይመስለናል። እኔ ግን ገንዘብ ያዥ በነበርኩ ጊዜ ይከፈለኝ በነበረው ሒሳብ፣ እየቆየሁም ከፍ እያደረግኩ፣ ለእያንዳንዱ ቀን ለራሴ ደመወዝ እቀንስ ነበር። በደህናው ጊዜ ያ ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ለልጆቼ ትምህርት ቤትና ለእማዬ ወርኃዊ ይበቃል። ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወሩ ውስጥ 100ን አለፈ። ይህን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሁላችሁም የቀመሳችሁት ነው። በሽልንግ ገዝቶ በብር ለሚሸጥ ሰው ዕቃው በእጥፍ ተወደደ፤ የመርካቶ ደንበኛዬ ደመወዝ ግን በእጥፍ አላደገም። በሌላ በኩል በርበሬውን በሽልንግ ስሸጥ የሚያካክሰኝ መስሎ ነበር፤ በርበሬውም አልቆየም፣ ተከትሎ ወጣ። ለስድስት ወር እያንዳንዱን ዙር ጻፍኩ። «የራሴ ቀን» የምትለው መስመር መጀመሪያ አነሰች፣ ቀጥላ ዜሮ ሆነች። አልከሰርኩም፤ ዕዳም የለብኝም። ግን በነጻ እየሠራሁ ነበር። በነጻ ለመሥራት ደግሞ የሌሊት አውቶቡስና ሲቀዘቅዝ የሚጮህ ጉልበት አያስፈልግም።

ጥቁሩ ቢራ ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ነው የመጣው። በርበሬና ሽሮ የማቀርብለት የሀበሻ ምግብ ቤት ናይሮቢ ውስጥ አለ። ሒሳብ ለመቀበል ማምሻውን እሄዳለሁ። አንድ ቀን ባለቤቱ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ «እስቲ ይቺን ቅመሺልኝና ምን እንደምትመስል ንገሪኝ» ብለው ከአንድ አነስተኛ ጠመቃ ያስመጡትን ጥቁር ቢራ ቀዱልኝ። ጥቁር ቢራ አዲስ አበባ ሳለሁ አውቅ ነበር፤ የሐረር ቢራ ፋብሪካ የሚጠምቀውን ሐኪም ስታውት በልጅነቴ ለሠርግ ቀምሼ «መራራ ነው» ብዬ ትቼዋለሁ። ይሄኛው ሌላ ነበር። ወደ አፍንጫዬ ስጠጋው የሸተተኝ ቢራ አይደለም። ጉለሌ፣ የእማዬ ማድቤት፣ ምጣድ ላይ የሚቆላ ገብስ ነው የሸተተኝ። «አሻሮ ነው!» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁና «ፈረንጆቹ አሻሮ አላቸው እንዴ?» አሉ።

አላቸው። ሌላ ስም ሰጥተውት እንጂ አላቸው።

እማዬ ጠላ ሻጭ ነበረች። አባታችን በልጅነታችን ሞተ፤ ከዚያ በኋላ በራችን ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ተደፋበት። ይህ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማብቀል፣ ገብስ መቁላት፣ እንኩሮ ማንኮር፣ ጋን በግራዋ ማሸት፣ በወይራ ማጠን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ የደብተር ሥራችንን የምንሠራው በዚህ መሀል ነው። በጣሳ እየተሸጠ ኮሜርስ ገባሁ። ስመረቅ እማዬ ጎረቤት ሰብስባ ጠላ አልጠመቀችም፤ ለስላሳ ገዝታ ነው ያስተናገደችው። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አሁን ይገባኛል።

ከዚያ ምሽት በኋላ ናይሮቢ በሄድኩ ቁጥር አንድ አንድ ዓይነት መቅመስ ያዝኩ። የኢንዱስትሪ አካባቢ፣ ዌስትላንድስ፣ ካረን፤ ትንንሽ ጠማቂዎች ያሉበትን ፈለግሁ። ነጋዴ ዕቃ ሳይጠይቅ አይገዛም፤ ስለዚህ ማንበብም ጀመርኩ። ያነበብኩት ነገር እኛን የመንገድ ሰዎች በቀጥታ ይመለከታል።

ስታውት የተወለደው ከፖርተር ነው። ፖርተር ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከተሸካሚዎች ነው። አዎ፣ ከኩሊዎች! ከመርከብ ጭነት የሚያራግፉ፣ በከተማው ውስጥ በጀርባቸው ዕቃ የሚያመላልሱ ሰዎች ይወዱት ስለነበር በስማቸው ተጠራ። ከፖርተሩ ጠንከር ያለውን «ስታውት ፖርተር» አሉት፤ ጠንካራ ፖርተር ማለት ነው። እያደር ፖርተር የሚለው ቀረና ስታውት ብቻውን ስም ሆነ። ዛሬ በውድ ብርጭቆ የሚቀዳው መጠጥ የመርካቶ ተሸካሚዎች ዓይነት ሰዎች ቢራ ነበር።

ቀለሙ ከየት እንደመጣ ደግሞ ስሙ። ድሮ ብቅሉን በእንጨት ጢስ ነበር የሚያደርቁት፤ ቡናማ ይሆናል፣ ጢስ ጢስ ይላል። በ1817 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዊለር የሚባል እንግሊዛዊ ብቅል የሚቆላበት በርሜል መሰል መሣሪያ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ቡና እንደሚቆላ፣ ሳይቃጠል እየተሽከረከረ ይጠቁራል። ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ቢራ ከነጭ ብቅል ጠምቆ በጥቂት ጥቁር ብቅል ማጥቆር ተቻለ፤ ወጪውም ቀነሰ። እኛ ጠመቃ ከ100 ኪሎ እህል ውስጥ የተቆላው ገብስ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ነው። ብርጭቆውን እንደ ከሰል የሚያጠቁረው ይቺ ናት።

የሒሳብ ሰዎች የምትወዱትን አንድ ነገር ልጨምር። የደብሊኑ አርተር ጊነስ በ1759 እ.ኤ.አ. የጠመቃውን ግቢ የተከራየው ለ9000 ዓመት ነው፤ በዓመት 45 ፓውንድ። ዘጠኝ ሺህ ዓመት! ኢስሊ ሱቅ የተከራየ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም። ከዚያ ቤት የወጣው ለውጭ የሚላከው ጠንካራ ስታውት ደግሞ በ1801 ለካሪቢያን ደሴቶች ከተዘጋጀ ቢራ የመጣ ነው። ረጅሙን የባሕር መንገድ ሳይበላሽ እንዲያልፍ ሆፑንም አልኮሉንም ጨመሩበት። መራራ ያደረገው መንገዱ ነው። ዛሬ ኬንያ ውስጥ የሚጠመቀው ጊነስም የዚያ ዘር ነው። ለመንገድ ተብሎ የተሠራ ቢራ መሆኑን ሳውቅ ይበልጥ ወደድኩት፤ እኔም ደረቅ እንጀራ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ።

ወደ ሥራው ልግባ። ከምቀምስባቸው ቤቶች አንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት የሚይዝ ሰው ይፈልግ ነበር። እህል የሚያውቅ፣ ሰነድ የሚያውቅ፣ ከጉምሩክ ሰው ጋር መነጋገር የሚችል። እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምንም አላውቅም። የሥራ ፈቃዱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ለኢትዮጵያዊ ኬንያ ያለ ቪዛ መግባት ቀላል ነው፣ መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወረቀቱ ሳይያዝ እንዳትሞክሩት ብቻ ልበል። ደመወዙ በደህናው ዘመን ከማገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ከዜሮ ግን ይበልጣል፤ ማታ ማታም ከልጄ ጋር አድራለሁ።

ግምጃ ቤት ሆኜ አልቀረሁም። ብቅል በ25 ኪሎ ጆንያ ይመጣል፤ እያንዳንዱን ስመዘግብ እየፈታሁ አሸታለሁ፣ እቆረጥማለሁ። የጠመቃው ኃላፊ የ29 ዓመት ኬንያዊት ናት። አንድ ቀን አይታኝ «ማማ፣ ምን እየፈለግሽ ነው?» አለችኝ። የአንዱ ጆንያ ብቅል እርጥበት እንደነካው በጥርሴ እንዳወቅኩ ነገርኳት። ነጭ ብቅል ሲቆረጠም ስብር ማለት አለበት፤ ያኛው እንደ ማስቲካ ይታኘክ ነበር። አስመረመረችው፤ እንዳልኩት ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ጠመቃው ክፍል ወሰደችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራ ልትቀይሩ የምታስቡ እህቶቼ የሚከብዳችሁ እዚህ ጋ ነውና። በ17 ዓመት ውስጥ እኔን ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ሞያሌ ላይ «እትዬ» ተብዬ ወንበር ይለቀቅልኛል። አሁን ልጄ ልትሆን ጥቂት የቀራት ሴት «ማማ፣ ቫልቩን ዝጊ፣ ማማ፣ ቧንቧውን እንደገና እጠቢ» ትለኛለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መልበሻ ክፍል ገብቼ በር ዘግቼ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። ያዳነኝ ምን መሰላችሁ? ልጅቷ ራሷ ስታጥብ አየኋት። ቦት ጫማ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ጋኑ ውስጥ ግማሽ ገላዋን አስገብታ። የጠማቂ ሥራ ሲበዛ ማጠብ ነው። ከአንድ ቀን ሥራ ውስጥ ቢራ የሚመስለው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ሌላው ኮስቲክ ሶዳ፣ ሙቅ ውኃ፣ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ እንደገና ማጠብ። ግራዋና ወይራ በሌላ ስም።

ሂደቱን እማዬ ብታየው አንድም ነገር አይደንቃትም። የተፈጨውን ብቅል ከሙቅ ውኃ ጋር እናዋሕዳለን፣ 66 ወይም 67 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል እናቆየዋለን፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። እኔ በሆዴ ድፍድፍ እለዋለሁ። ከዚያ ጣፋጩን ጭማቂ እናጠልና ከሆፕ ጋር እናፈላዋለን። ሆፕ ማለት የእነሱ ጌሾ ነው፤ ሥራቸው አንድ ነው፣ ማምረርና ከመበላሸት መጠበቅ። ቀዝቅዞ እርሾ ይገባበትና 18 እስከ 20 ዲግሪ ላይ ለሳምንት ያህል ይፈላል። የሚቀረው አተላ ለከብት ይሄዳል፤ ጠዋት ጠዋት የላም ባለቤት በፒክአፕ መጥቶ ይጭነዋል። ልዩነቱ ቴርሞሜትሩ ነው። እማዬ እጇን ከታ «አሁን ነው» ትል የነበረውን እኛ በቁጥር እናነባለን።

ዲፕሎማዬም አልባከነም። ለእያንዳንዱ ጠመቃ የወጪ ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ብቅል፣ ሆፕ፣ ጋዝ፣ ውኃ፣ የኤክሳይዝ ቴምብር፣ እጥበት፣ ታች ላይ ደግሞ የሰው ቀን። ስታውት ከነጭ ቢራው የሚወደደው በብቅሉ ብቻ ሳይሆን ጋኑን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዝ እንደሆነ ያሳየው ያ ወረቀት ነው። ጋን የያዘ ቢራ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ነው አልኳቸው፤ ስብሰባው ላይ ሳቁ፣ ዋጋውን ግን አስተካከሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ለእማዬ የነገርኳት በስልክ ነው። «ቢራ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነሽ?» አለች። «መጀመሪያ ግምጃ ቤት፣ አሁን ጠመቃው ላይ ነኝ» አልኳት። ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» እላለሁ። ከዚያ በዝግታ «እኔ ያንን ጋን ሳሽ የኖርኩት አንቺ እንዳታሺው ነበር» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ዘጋች።

ለሦስት ወር ያህል ስደውል ስለ ጤናና ስለ ልጆቹ ብቻ ነው የምታወራኝ። ሥራዬን በስሙ አትጠራውም፤ «እዚያ ያለሽበት» ትላለች። መልስ ስፈልግ ብዙ ሌሊት አሰብኩ። አገራችን ላይ ጠላ የሌለበት ማኅበር የለም፤ ዝክር ያለ ጠላ አይዘከርም፤ ቄሱም ባርከው ይጠጣሉ። ጠላዋን ሸጣ የምትበላዋ ሴት ግን «ጠላ ሻጭ» ተብላ ነው የምትሰደበው፤ ልጆቿም ትምህርት ቤት በዚህ ይሰደባሉ። እኔ ተሰድቤበታለሁ። ናይሮቢ ውስጥ ግን ያንኑ ዕውቀት፣ ያንኑ ገብስ ቆልቶ ማፍላት የሚችል ሰው ባለሙያ ተብሎ ስሙ ጠርሙስ ላይ ይጻፋል። የእማዬ ቁጣ ሥራውን ከመናቅ የመጣ አይደለም። ሌሎች የናቁት ሥራ ስንት እንዳስከፈላት ስለምታውቅ ነው። ይህን ለራሷ ላስረዳ ብሞክር ግን ቃሉ አፌ ላይ ይሟሟል።

ሌላዋ የሞያሌ ጓደኛዬ ናት። ሙስሊም ናት፤ ለ12 ዓመት በአንድ የማደሪያ ክፍል አብረን አድረናል፤ እሷ ስትሰግድ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ፣ እኔ በጾም ስደክም እሷ ሽሮ ታመጣልኛለች። ለእሷ መንገር ፈርቼ ነበር። «ሥራሽን አልወደውም፤ ሐራም ነው፤ አንቺን ግን የት እጥልሻለሁ? ኢስሊ ስመጣ ሻይ ታጠጪኛለሽ» አለችኝ። በመጣች ቁጥር ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ቢራ አንድም ቀን አላነሳሁባትም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ እንደ እሷ የማይጠጡ መሆናቸውን አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው አንድም ሰው እንዲጠጣ ብዬ አይደለም።

ለሚጠጣው ደግሞ ጥቂት ነገር ላካፍል። ጠላ ቤት ያደገ ልጅ ሰካራም ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ከወንበር የወደቀ ሰው ደግፌ ያወጣሁት ገና አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ስለዚህ ሕጌ አንድ ብርጭቆ ነው፤ ከምግብ ጋር፣ ሥራ ከተዘጋ በኋላ። ጥሩ ስታውት ራሱ አያስቸኩልም። በረዶ የሆነ ስታውት አትጠጡ፤ ብርዱ ጣዕሙን ይደብቀዋል። ከፍሪጅ አውጥታችሁ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ብታስቀምጡት ቡናው፣ ጥቁር ቸኮሌቱ፣ የዳቦ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይወጣል። ከአጃ የሚሠራ አለ፤ ምላስ ላይ እንደ አጥሚት ይለሰልሳል። የወተት ስታውት የሚባለው ደግሞ ውስጡ የወተት ስኳር አለው፤ የቢራ እርሾ ያንን ስኳር መብላት ስለማይችል ጣፋጭነቱ ይቀራል። ከዶሮ ወጥ ጋር የምመርጠው እሱን ነው፤ ቀጭን ቢራ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ጉሮሮ ይለበልባል፣ ይሄኛው ግን ያበርደዋል። ደረቁና መራራው ለጥብስና ለኛማ ቾማ ነው። አንዳንዱ ላይ የምታዩት እንደ ክሬም ያለ አረፋ የናይትሮጅን ሥራ ነው፤ ጊነሶች በ1959 እ.ኤ.አ. ያመጡት ዘዴ ነው፤ አረፋው ደቃቅ ስለሆነ ወተት ወተት ይላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። «ጥቁር ቢራ ደም ይሞላል፣ ለአራስ ወተት ያመጣል» የሚለውን አትመኑ። አዲስ አበባም ናይሮቢም ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሐረሩ ስሙ «ሐኪም» መሆኑ ደግሞ ብሶበታል። ጊነሶችም ከ1929 ጀምረው ቢራቸው ለጤና ጥሩ ነው እያሉ ያስተዋውቁ ነበር። ውስጡ ያለው ብረት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደም ያነሳት ሴት ሐኪም ቤት ትሂድ፣ ምስርና ጎመንም ትብላ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጥቁሩንም ነጩንም አትጠጣ።

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁ። ባለፈው የካቲት ኃላፊዬ «ማማ፣ የአገርሽን መራራ ቅጠል በስታውት እንሞክረው» አለች። ጌሾ ማለቷ ነው። በትንሿ ጋን 20 ሊትር ተፈቀደልኝ። ጌሾ በኬንያ ደጋም እንደሚበቅል አውቃለሁ፤ ለመጠጥ ሲያውሉት ግን አላየሁም። ስንት ግራም? ቅጠሉ ወይስ እንጨቱ? መቼ ነው የሚገባው? መጽሐፍ የለም። ያለችው እማዬ ናት።

በቪዲዮ ደወልኩላት፤ ወንድሜ ስልኩን ይዞላት። ስለ ጌሾው ስጠይቃት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ረስቼዋለሁ» አለች። አርባ ዓመት የሠራችውን! አልተከራከርኩም። ዝም ብዬ የጠመቃውን ክፍል እያሳየኋት ጠረጴዛው ላይ ያለው ከውጭ የመጣ የተቆላ ገብስ ካሜራው ውስጥ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«አሻሮ ነው፤ እዚህ የሚጠቀሙበት።»

«እስቲ አቅርቢው... ይሄ ከሰል ነው! ማን ነው የቆላው?»

«ፋብሪካ ነው እማዬ። ከአውሮፓ ነው የሚመጣው።»

«ፋብሪካ ይሁን ማንም ይሁን አቃጥሎታል። ውስጡ ቡናማ ሆኖ መቅረት አለበት። ሰብረሽ አሳዪኝ።»

ሰብሬ አሳየኋት። አጉረመረመች። ከዚያ ለ40 ደቂቃ አላቆመችም። ገብሱ ቀድሞ መነከር እንዳለበት፣ ምጣዱ ሲግል መጀመሪያ እንደማይጨመር፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚማሰል፣ «ሲሸትሽ ሳይሆን ሊሸትሽ ሲል» እንደሚወርድ። ቅጠሉ ለጥንስሱ ብቻ እንጂ ለኋላው እንጨቱ እንደሆነ፤ ቅጠሉ ከበዛ ራስ እንደሚያሳምም። እኔ እጽፋለሁ፤ ኃላፊዬ ከጀርባዬ ቆማ በአማርኛ የምንባባለውን ሳትሰማ ፊቷን ብቻ እያየች ትስቃለች። መጨረሻ ላይ እማዬ «ያቺ ቆማ ያለችው ማናት?» አለች። አለቃዬ እንደሆነች ነገርኳት። «እሷም ታጥባለች?» «ታጥባለች።» «እጇ ያስታውቃል» አለችና ዘጋች።

የመጀመሪያው 20 ሊትር ወጣ። ቀለሙ እንደ ሌሎቹ ጥቁር አይደለም፣ ወደ ቀይ ይስባል፤ ምሬቱ ከሆፕ ይልቅ ረጋ ብሎ ነው የሚመጣው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ትንሽ እንጨት እንጨት ይላል። ኃላፊዬ ጌሾው ይቀነስ ትላለች። እማዬ ስነግራት «እንጨቱ አርጅቶ ነው፤ ከየት ገዛሽው?» አለች። ከኢስሊ ነበር፤ ስንት ጊዜ መጋዘን እንደተቀመጠ ፈጣሪ ይወቀው።

ስለዚህ ከሞያሌ በኩል የሚመጣ ሰው ካለ፣ የዘንድሮ የጌሾ እንጨት ሁለት ኪሎ እፈልጋለሁ። ቅጠል አይደለም፣ እንጨት። የዕፅዋት ጤና ወረቀቱ ተሟልቶ፣ ከደረሰኝ ጋር። ዋጋውን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ሥራ ብቀይርም መከራከሩን አልተውኩም።